ክንዳችን ላይ ያለው ጠባሳ የማይነግረን ነገር

«በቤተሰባችሁ ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው ነበር?»

ሐኪሟ ጥያቄውን ያቀረበችው ለእናቴ ነው። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ መሃል ተቀምጫለሁ። ጥያቄውን በአማርኛ ነገርኳት። እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ሐኪሟን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች፣ «የለም በላት» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። ሐኪሟ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ነገር ነክታ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ያቺ «የለም» ለሦስት ሳምንታት አብራን ቆየች። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ፣ ብዙዎቻችን በስደት አገር ይህ ጥያቄ እንደሚቀርብልን ስለማውቅ ነው። ብዙዎቻችንም እንደ እናቴ «የለም»፣ ወይም እንደ እኔ «የቢሲጂ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የማካፍላችሁ በቤታችን የሆነውንና ነገሩ ከሆነ በኋላ አንብቤና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ቁርጥማት መስሎን ነበር

እናቴ እኔ ጋ ከመጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በሁለተኛው ክረምት ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ «የዚህ አገር ብርድ ነው» አለች። ቀጥላ «ቁርጥማት ነው፣ ያልፋል» አለች። እኔም አመንኳት። ጀበናውን ማንሳት አቅቷት ቡናውን እኔ መቅዳት ስጀምር ግን ነገሩ ብርድ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝና ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት።

የበሽታው ስም ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ሰውነታችን ከውጭ የሚገባውን ጀርም የሚዋጋበት የመከላከያ ሥርዓት አለው። በዚህ በሽታ ግን ሥርዓቱ ተሳስቶ የራሱን የመገጣጠሚያ ሽፋን እንደ ጠላት ያጠቃል። መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ካልታከመም አጥንቱ እየተበላ ይሄዳል። በደም ምርመራ ከሚፈለጉት ምልክቶች አንዱ አንቲ-ሲሲፒ የሚባለው፣ ሰውነት በራሱ ፕሮቲኖች ላይ የሚያመርተው አንቲቦዲ ነው። የእናቴ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሐኪሟ እብጠቱን ቶሎ የሚያበርደውን ፕሬድኒሶን አዘዘችላት። ከእሱም ጋር በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰደውን ሜቶትሬክሴት አስጀመረቻት። ወራት አለፉ። ተሻላት፣ ግን በቂ አልነበረም። ያኔ ሐኪሟ ቲኤንኤፍ የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያግድ መርፌ ልታስጀምራት አሰበች። ከመርፌው በፊት ግን የማይታለፍ ምርመራ አለ፤ የቲቢ ምርመራ።

ለመገጣጠሚያ መርፌ የቲቢ ምርመራ ለምን?

እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ውስጥ ሲያርፍ፣ ብዙውን ጊዜ ሰውነት አይሸነፍለትም፤ ግን ጨርሶም አይገድለውም። የመከላከያ ሴሎች ዙሪያውን ከበው እንደ አጥር ያጥሩበታል። ባክቴሪያው በዚያ አጥር ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ተኝቶ ይኖራል። ይህ ድብቅ ቲቢ ይባላል። ድብቅ ቲቢ ያለበት ሰው በእሱ ምክንያት አያስለውም፣ አይከሳም፣ ለማንም አያስተላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ በባክቴሪያው ተይዞ እንደሚያውቅ ይገምታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በዕድሜያቸው ውስጥ በቲቢ የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው።

ያንን አጥር አጽንተው ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ ደግሞ ቲኤንኤፍ ነው። የእናቴን ጣቶች የሚያሳብጠውና ሳንባ ውስጥ ያለውን አጥር የሚጠብቀው አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው። መርፌው ሲያግደው ጣቶቹ ይፈታሉ፤ አጥሩም ይላላል። የመጀመሪያዎቹ የቲኤንኤፍ ማገጃዎች ሥራ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት ይህ በተግባር ታየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ቲቢ የታመሙ 70 ሰዎችን ዘረዘረ። ብዙዎቹ የታመሙት መድኃኒቱን በጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች መርፌውን ከማዘዛቸው በፊት የተኛ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

«የቢሲጂ ነው»

የእኔ የግሌ ስህተት የሚጀምረው ከዓመታት በፊት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ስመጣ፣ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት የቲቢ የቆዳ ምርመራ እንድወስድ ተነገረኝ። ነርሷ 0.1 ሚሊ ሊትር የምትሆን ፈሳሽ በውስጥ ክንዴ ቆዳ ሥር ወጋችኝና ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንድመለስ ነገረችኝ። ስመለስ ክንዴ አብጦ ነበር። በትንሽ ማስመሪያ ለካችው። የምትለካው መቅላቱን ሳይሆን በጣት ሲዳሰስ የሚጠጥረውን እብጠት ነው። 14 ሚሊ ሜትር ሆነ።

የቆዳ ምርመራ አንድ ወጥ መስፈርት የለውም። ምንም የተጋላጭነት ምክንያት ለሌለው ሰው 15 ሚሊ ሜትር፣ ቲቢ ከበዛበት አገር በቅርብ ለመጣ ሰው 10፣ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ወይም በቲቢ ከታመመ ሰው ጋር ለኖረ ሰው ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ፖዘቲቭ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ የሚመድባት ኢትዮጵያ ናት የመጣሁባት። ስለዚህ «ፖዘቲቭ ነው» አለችኝ።

እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ የክትባት ጠባሳዬን አሳየኋትና «የቢሲጂ ነው» አልኳት። ራጅ ተነሳሁ፤ ሳንባዬ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ሆኖም ለድብቅ ቲቢ መድኃኒት እንድወስድ የሚመክር ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ተመልሼም አልሄድኩም። ከአገር ልጆች መካከል የጠየቅኋቸው ሁሉ ያሉኝ አንድ ነገር ነበር፦ «የእኛ ሰው ሁሉ ፖዘቲቭ ነው፣ አትጨነቅ፣ የቢሲጂ ነው።»

ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ለቆዳ ምርመራ የሚወጋው ፈሳሽ ቱበርኩሊን ይባላል። የቲቢን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1882 ለዓለም ያሳወቀው ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ በ1890 ያስተዋወቀው ነው። ኮክ ያቀረበው እንደ ማዳኛ ነበር። ማዳኛነቱ ከሸፈ፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ያውቀው እንደሆነ ለመፈተሽ ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል። ቱበርኩሊን የብዙ ፕሮቲኖች ድብልቅ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በቢሲጂ ክትባት ውስጥ ባለው ባክቴሪያ ላይም ይገኛሉ። ስለዚህ ቆዳችን ሲያብጥ «ይህን አውቀዋለሁ» ማለቱ ነው፤ ያወቀው ክትባቱን ይሁን በሽታውን ግን አይነግረንም።

ግማሹ ደግሞ ስህተት ነው። በሕፃንነት የተሰጠ ቢሲጂ በቆዳ ምርመራ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከዓመታት በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ የሚታይን ትልቅ እብጠት በቢሲጂ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። እኔ ያን ጊዜ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር።

ክትባቱንም ማቃለል አልፈልግም። ኢትዮጵያ መደበኛውን የክትባት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 ስትጀምር ቢሲጂ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በተለይ ትንንሽ ልጆችን ከሚገድለው የማጅራት ገትር ቲቢና በመላ ሰውነት ከሚሰራጨው ቲቢ ይጠብቃል። አዋቂን ከሳንባ ቲቢ የሚጠብቅበት አቅም ግን ውስን ነው። ጠባሳው መከተባችንን እንጂ ከባክቴሪያው ጋር አለመገናኘታችንን አያረጋግጥም።

ሲገለበጥ የጠፋው ቁራጭ

ታዲያ ክትባቱንና በሽታውን እንዴት እንለያቸው? መልሱ ያለው ክትባቱ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ነው።

ሁለት ፈረንሳውያን፣ አልበር ካልሜትና ካሚል ጌራን፣ ሊል ከተማ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ከብትን የሚያጠቃውን የቲቢ ባክቴሪያ ወስደው ለማዳከም ተነሱ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1908 ጀመሩ። ባክቴሪያውን ከበሬ ሐሞትና ከግሊሰሪን ጋር በተዘጋጀ ድንች ላይ ያሳድጉታል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ አዲስ ድንች ያዛውሩታል። እንዲህ እያደረጉ በ13 ዓመታት ውስጥ 230 ጊዜ አዛወሩት። በመጨረሻ በሽታ የማስያዝ ኃይሉን አጣ። በ1921 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሕፃን ተሰጠ። ቢሲጂ የሚለው ስም «የካልሜትና የጌራን ባሲለስ» ከሚለው የተወሰደ ምሕጻረ ቃል ነው።

በእኔ ሙያ አንድን ፕሮግራም በእጅ ደጋግማችሁ ብትገለብጡት አንድ ቦታ ላይ አንድ ክፍል መጉደሉ አይቀርም። እዚህም የሆነው እንደዚያ ነው። ባክቴሪያው በእነዚያ ዓመታት ከዘረመሉ ላይ አንድ ቁራጭ ጣለ። ሳይንቲስቶች ይህን ያወቁት ግን በ1990ዎቹ ነው። አር.ዲ.1 ብለው የጠሩት ይህ ቁራጭ በየትኛውም የቢሲጂ ዝርያ ላይ የለም፤ በሰው ላይ ቲቢ በሚያስከትለው ባክቴሪያ ላይ ግን አለ። ቁራጩ ሁለት ፕሮቲኖችን የማምረት ትእዛዝ ይዟል፤ ኢሳት-6 (የቴሌቪዥን ጣቢያው አይደለም) እና ሲ.ኤፍ.ፒ-10።

ነገሩ ቀላል ሆነ ማለት ነው። ደማችንን «እነዚህን ሁለት ፕሮቲኖች ታውቃቸዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቢሲጂ ስለሌሉት ከክትባቱ ሊያውቃቸው አይችልም። ካወቃቸው ያገኘው ከሌላ ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከራሱ ከቲቢው። ሁለቱን ፕሮቲኖች የያዙ ሌሎች ጥቂት የባክቴሪያ ዝርያዎችም አሉ፤ ግን ብዙ አይደሉም።

አራቱ ብልቃጦች

የእናቴ ደም የተቀዳው ኳንቲፌሮን ለሚባለው ምርመራ ነው። አራት ትንንሽ ብልቃጦች አሉት፤ ክዳናቸው ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሐምራዊ ነው። በየአንዳንዱ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይገባል። አረንጓዴውና ቢጫው ውስጥ የሁለቱ ፕሮቲኖች ቁርጥራጮች አሉ። ብልቃጦቹ የሰውነትን ሙቀት በሚጠብቅ ሣጥን ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይቆያሉ። ደሙ ውስጥ ያሉት ቲ ሴሎች ፕሮቲኖቹን ከዚህ በፊት ካወቋቸው ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል የማንቂያ መልእክት ይለቃሉ።

ያ መልእክት የሚለካው ኤላይዛ በሚባል ዘዴ ነው። ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ ይወሰዳል። የጉድጓዶቹ ወለል ኢንተርፌሮን ጋማን ብቻ በሚይዝ አንቲቦዲ ተቀብቷል። ከደሙ የወጣው ፈሳሽ ሲጨመር ኢንተርፌሮኑ ወለሉ ላይ ይያዛል፣ የቀረው ይታጠባል። ከዚያ ኢንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ መጥቶ በተያዘው ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ ኢንዛይሙ ቀለም የሚያወጣበት ፈሳሽ ይጨመራል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ኢንተርፌሮኑ በዝቷል ማለት ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1971 ስቶክሆልም ውስጥ ኢቫ ኤንግቫልና ፒተር ፐርልማን ይፋ አደረጉት፤ በዚያው ሰሞን በኔዘርላንድስም ተመሳሳይ ሥራ ወጥቷል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ልኬት በአብዛኛው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይፈልግ ነበር። ዛሬ የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የሌሎች ብዙ ምርመራዎች መሠረት ኤላይዛ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን የቀሩት ሁለቱ ብልቃጦች ናቸው። ግራጫው ውስጥ ምንም የለም። ሳይነካ ራሱ የሚጮህ ደም እንዳለ ለማወቅ ነው። ሐምራዊው ውስጥ ደግሞ ማንኛውንም ጤነኛ ቲ ሴል የሚቀሰቅስ ነገር አለ። ደሙ ለዚህ እንኳ መልስ ካልሰጠ፣ በአረንጓዴውና በቢጫው ዝም ማለቱ ምንም አይነግረንም። እኛም ፕሮግራም ስንፈትሽ የግድ መሥራት ያለበትንና የግድ መውደቅ ያለበትን አብረን እንሞክራለን። አለዚያ «ስህተት አልተገኘም» የሚለው መልስ መፈተሻው ራሱ ተበላሽቶ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ማሽኑ አላውቅም ሲል

ከአንድ ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም አይልም፤ «ሊወሰን አልቻለም» ይላል። የእናቴ ደም በሐምራዊው ብልቃጥም በቂ መልስ አልሰጠም።

መጀመሪያ ላቦራቶሪው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ሐኪሟ ግን በስልክ አስረዳችኝ። እናቴ የምትወስደው ፕሬድኒሶን የመከላከያ ሴሎችን ስለሚያደክም ምናልባት ለመጠየቅ እንኳ አቅም አጥተው ይሆናል። «መጠኑን ቀንሰን እንደግመዋለን» አለችኝ። «ሁለተኛውም እንዲህ ከመጣ ግን የምወስነው በታሪኳ ነው። ከታመመ ሰው ጋር ኖራ የምታውቅ ከሆነ ማወቅ አለብኝ። እባክህ አንድ ጊዜ ጠይቃት።»

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩላት ነገሩን አነሳሁ። ማሽኑ መልስ እንዳልሰጠና ሐኪሟ የምትጠብቀው ከእሷ እንደሆነ ነገርኳት። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ፣

«አጎትህን ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ።

ትንሽ ትንሽ አስታውሰዋለሁ። አራት ወይም አምስት ዓመቴ ነበር። ረጅም ሰው ነው፣ ከኪሱ ከረሜላ ያወጣልኝ ነበር። «ብርድ መትቶት ሞተ» ሲባል ነው ያደግሁት።

«ብርድ አልነበረም» አለችኝ። «ሳንባው ነው። ልጆቹ በሰፈር እንዳይገለሉ ብለን ብርድ ነው አልን። አንድ ዓመት ሙሉ በእኛ ቤት እኔ ነኝ ያስታመምኩት። አንተም ከጭኑ አትወርድም ነበር።»

«ታዲያ ለሐኪሟ ለምን የለም በላት አልሽኝ፣ እማዬ?»

እጇን በቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ሚስትህ ብትሰማ ልጅቷን ከእኔ ታርቃታለች ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። እዚህ ነው የተወለደችው። በአሜሪካ ቢሲጂ በመደበኛነት ስለማይሰጥ ክንዷ ላይ ጠባሳ የላትም። ከአያቷ ጋር ነው የምታድረው። እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችው ይህንን ነው። እኔ ደግሞ ትርጉሙን እንጂ ፍርሃቱን አልሰማሁላትም።

ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ተኝቶ ያለ ቲቢ ለማንም እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒት እንዳለው፣ አስፈሪው ነገር ሳይታወቅ መርፌው መጀመሩ እንደሆነ ነገርኳት። ባለቤቴን ጠራኋትና ሦስታችንም አብረን ተነጋገርን። ባለቤቴ ያደረገችው ነገር ቢኖር ልጃችንን አምጥታ እናቴ ጭን ላይ ማስቀመጥ ነው። በማግስቱ ለሐኪሟ ደወልኩ።

ሁለተኛው ውጤት

ለሁለተኛው ምርመራ ሐኪሟ ቲ-ስፖት የሚባለውን መረጠች። ጥያቄው አንድ ነው፤ አጠያየቁ ይለያል። በዚህኛው የመከላከያ ሴሎቹ ከደሙ ተለይተው ይቆጠራሉ፤ በየጉድጓዱ 250,000 ያህል ሴሎች ይገባሉ። ሁለቱን ፕሮቲኖች የሚያውቅ እያንዳንዱ ሴል ባለበት ቦታ አንድ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ነጠብጣቦቹ ይቆጠራሉ። የሴሎቹ ቁጥር አስቀድሞ ስለሚስተካከል፣ የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

የእናቴ ፖዘቲቭ ሆነ። የደም ምርመራው የተኛውን ቲቢ ከነቃው አይለይም። ስለዚህ የደረት ራጅ ተነሳች፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ እንዳለ ተጠየቀች። አንዱም አልነበረም። ድብቅ ቲቢ ነው ተባለ። ሜቶትሬክሴት ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ሐኪሟ በየቀኑ ለአራት ወር የሚወሰደውን ሪፋምፒንን መረጠች። ሪፋምፒን የሌሎች መድኃኒቶችን ጉልበት ስለሚቀንስ የምትወስዳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አየችላት። ሽንት ወደ ብርቱካን ቀለም እንደሚለወጥም አስቀድማ ነገረችን፤ ባትነግረን ኖሮ እናቴ በሁለተኛው ቀን መድኃኒቱን ትጥለው ነበር። መድኃኒቱን በጀመረች በወሩ የመገጣጠሚያው መርፌ ተፈቀደላት።

እኔስ? በዚያ ሰሞን የድሮው ወረቀት ትዝ አለኝ። 14 ሚሊ ሜትር። ከጭኑ የማልወርድለት አጎቴም ትዝ አለኝ። ደሜን ሰጠሁ። እኔም ፖዘቲቭ ሆንኩ። ለዓመታት «የቢሲጂ ነው» ስለው የኖርኩት የቢሲጂ አልነበረም። ራጄ ንጹሕ ስለነበር በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንታት የሚወሰዱትን አይሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን ወስጄ ጨረስኩ። እሑድ እሑድ ከቡና በኋላ ነበር የምንወስደው፤ እናቴ የዕለቱን፣ እኔ የሳምንቱን።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

አንደኛ፣ የቆዳ ምርመራ ከመወጋታችሁ በፊት ቢሲጂ መከተባችሁን ተናገሩና በደም የሚደረገው ምርመራ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ለተከተበ ሰው የተሻለው እሱ ነው፤ ውጤቱን ለማስነበብም መመለስ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ፖዘቲቭ ከተባላችሁ አትደንግጡ፤ «የቢሲጂ ነው» ብላችሁም አትተዉት። ፖዘቲቭ ማለት ታማሚ ናችሁ፣ ለልጆቻችሁም ታስተላልፋላችሁ ማለት አይደለም። ቀጣዩ እርምጃ ራጅና ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሄዳችሁ የደረት ራጁን ታውቁታላችሁ። ራጅ የሚያሳየው ሳንባ ላይ የታየ ለውጥን እንጂ የተኛውን ባክቴሪያ አይደለም። ንጹሕ ራጅ ብቻውን የደም ምርመራን አይተካም።

ሦስተኛ፣ በቤታችሁ ለሩማቶይድ፣ ለክሮንስ ወይም ለሶሪያሲስ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያደክም መድኃኒት የሚጀምር ሰው ካለ፣ የተወለደበትን አገርና አብሮት የኖረውን ታማሚ ለሐኪሙ ይንገር። የክትባት ነገርም ከመድኃኒቱ በፊት ይነሳ። ሕያው ሆነው የተዳከሙ ጀርሞችን የያዙ ክትባቶች፣ እንደ ኩፍኝ፣ እንደ ቢጫ ወባና እንደ ራሱ ቢሲጂ ያሉት፣ እነዚህን መርፌዎች ለሚወስድ ሰው አይሰጡም። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ የቢጫ ወባ ክትባት ጥያቄ ስለሚመጣ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። የሕያው ክትባት ቀጠሮም ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የኩፍኝ ክትባት የቲቢ ምርመራን ውጤት ለጥቂት ሳምንታት ሊያዛባ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ወይም ቢያንስ አራት ሳምንት ማራራቅ ይመከራል።

አራተኛ፣ ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ከሆነ፣ የሚያሳፍር ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ አትለፉት። ከተቻለ የባለሙያ አስተርጓሚ ጠይቁ። እናት በልጇ ፊት የማትናገረውን ለሌላ ሰው ልትናገር ትችላለች። በእኛ ቤት «ብርድ መታው» ማለት ስንት ነገር ሊሆን እንደሚችል ታውቃላችሁና፣ ቤት ስትደርሱ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እኔ የሰማሁት ከእናቴ ነው። ልጅ ሳለሁ ጥርሴን ሲያመኝ ደብቄ ነበርና ያኔ ነገረችኝ። ባለፈው ወር ለዓይኗ ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም ቅጹን እየሞላ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ወደ እሷ ዞሬ ልተረጉም አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አዎ በለው» አለችኝ። «ወንድሜ። አሁን ደግሞ እኔ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ በለው።»